የትኛው ኮቫቼቪች

ሽማግሌው ኦብራድ ኮቫቼቪች ከቤታቸው ጀርባ ባለው የአያቶቻቸው የቀጥቃጭ ቤት ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ።

ሌሊቱን በረዶ ሲጥል ነው ያደረው። የቀጥቃጭ ቤቱ ጣራ በአንድ በኩል ስለተቀደደ በረዶው በቀዳዳው ገብቶ ጀርባቸውን ሸፍኖታል። ከጭንቅላታቸው ጀርባ የፈሰሰው ደም ደርቆ ጠቁሯል። አጠገባቸው መዶሻ ወድቋል። የድሮ መዶሻ ነው፤ እጀታው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ለስልሶ አልቋል። የቤተሰቡ ስም የወጣው ከዚያ መዶሻ ነበር። ሞታቸውም ከዚያው መጣ።

ሳጅን ቬሊቦር ተንበርክኮ አያቸው። የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰደርያ፣ የተወለወለ ጫማ። ካፖርት አልደረቡም። ከደረታቸው ስር አንድ የሸክላ ማሰሮ ተሰባብሯል። ከበላያቸው ትንሽ የአረቄ በርሜል አለች፤ ቧንቧዋ በደንብ ስላልተዘጋ እየተንጠባጠበች አድራለች። ቤቱ በሙሉ የፕሪም አረቄ ይሸታል።

«ማነው ያገኛቸው?» አለ ቬሊቦር።

«እኔ» አለ ማሊሻ።

ማሊሻ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ሠላሳዎቹ መሀል ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ከድሪና ወንዝ ማዶ በአንድ ሻንጣ መጥቶ የኦብራድን በር ያንኳኳ ስደተኛ ነበር። አያቴ የአባትዎ ወንድም ነው፣ በረሃቡ ዘመን ከዚህ የተሰደደው እሱ ነው፣ እኔም ኮቫቼቪች ነኝ አላቸው። ሽማግሌው ሚስታቸውን ቀብረው፣ ልጅም ሳይወልዱ ብቻቸውን የቀሩ ሰው ነበሩና እጁን ይዘው አስገቡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አብረው ኖሩ። እሱ አጎቴ ይላቸዋል፣ እሳቸው ልጄ ይሉታል።

ዛሬ አይኑ አብጧል። ድምፁ ተዘግቷል። የተናገረው ይህ ነው፦ ትናንት የቤታቸው ዝክር ነበር፣ የቅዱስ ኒኮላዎስ። አጎቱ እንግዶቹን ሸኙ፣ የዝክሩን ሻማ አጠፉ፣ እራት በሉ። እሱ ደክሞት ተኛ። ከእንቅልፉ ሲባንን ከውጭ የጎረቤታቸው የግሮዝዳን ድምፅ ስለ ውሃ ሲጮህ ሰማ። አጎቱ ወጡ። እሱን መልሶ እንቅልፍ ወሰደው። ጠዋት፣ የዝክሩ ሁለተኛ ቀንም እንግዳ አያጣም ብሎ አረቄ ሊቀዳ ሲመጣ ይህን አየ።

«ብነሳ ኖሮ» አለ ማሊሻና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ቬሊቦር አላጽናናውም። አይኑ በሩ ስር በረዶ ውስጥ ግማሹ የተቀበረ ኮፍያ ላይ ነበር። አነሳው። ጠርዙ በሲጋራ ተቃጥሏል። የማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም፤ መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። ቬሊቦር ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቀዋል። የግሮዝዳን ነው። የግሮዝዳንን አንድያ ሴት ልጅ ክርስትና ያነሳት ቬሊቦር ነው። አበልጁ ነው።

በረዶውን አራግፎ ኮፍያውን ኪሱ ከተተው።

ወደ ቤት ገባ። ገበታው እንዳለ ነው። የተቆረሰው የዝክር ዳቦ፣ የዓሣ አጥንት የተከመረበት ሳህን፣ የቀረ ቦሎቄ። የኒኮላዎስ በዓል በገና ጾም ውስጥ ስለሚውል ቅቤና ሥጋ የለም። መሀል ላይ በጎድጓዳ ሳህን የዝክሩ ንፍሮ ተቀምጧል፤ ስንዴው ተፈትጎ ስኳር የተነሰነሰበት፣ እንደ ውጭው በረዶ ነጭ። ንፍሮው መሀል ሻማው ግማሹ ነድዶ ተተክሏል። አጠገቡ ቀይ ወይን በብርጭቆ። ከሁሉም ስር ነጭ የገበታ ጨርቅ፤ ከግድግዳው ላይ ሥዕለ አድኅኖው ቁልቁል ያየዋል። ቬሊቦር ይህን ሁሉ አየ፤ ልቡ ግን ኮፍያው ላይ ስለነበር አይቶ አለፈው።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪምም አልጠቀመም። እንደዚህ ድርቅ ብሎ የቀዘቀዘ ሰው መቼ እንደሞተ ማን ሊናገር ይችላል ብሎ ጓንቱን አወለቀ።

ቬሊቦር ከተማ ላለው አዛዡ ደወለ።

«የሞተው ማነው?» አለ አዛዡ።

«ኮቫቼቪች።»

«የተጠረጠረውስ?»

«ኮቫቼቪች።»

«የምትመረምረውም አንተ፣ ኮቫቼቪች። ታዲያ እኔ ለዐቃቤ ሕጉ ምን ብዬ ነው የማስረዳው? የትኛው የትኛውን ገደለ ልበል?»

የአዛዡ ቀልድ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በራኪታ መንደር ከሦስት ሰው ሁለቱ ኮቫቼቪች ነው። ከተራራው ማዶም እንደዚያው፣ ከድሪና ማዶም እንደዚያው። ኮቫች ማለት ቀጥቃጭ ነው፤ ቀጥቃጭ የሌለው መንደር ደግሞ የት አለ? ፈረስ ጫማ ይሻል፣ ገበሬ ማረሻ ይሻል። ስም በመዝገብ ይግባ በተባለ ጊዜ የየመንደሩ ቀጥቃጭ ልጆች በየፊናቸው የቀጥቃጭ ልጅ ተብለው ተጻፉ። እርስ በርስ የማይተዋወቅ፣ ደም የማይጋራ ሕዝብ አንድ ስም ተሸክሞ ቀረ። ለዚህ ነው አንድ ሰው ኮቫቼቪች ነኝ ሲል የሚቀጥለው ጥያቄ ሁልጊዜ «የትኛው?» የሚሆነው። መልሱም የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ቤት ነው።

ዘመድ የሚለየው በቅዱሱ ነው። እያንዳንዱ ቤት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ አንድ ጠባቂ ቅዱስ አለው፣ በዓመት አንዴ ይዘክረዋል። ስምም ቅዱስም ከገጠመ ወንድማማች ነህ፤ አትጋባም፣ በር አትዘጋበትም። ስም ገጥሞ ቅዱስ ከተለያየ ባዳ ነህ። የኦብራድ ቤት ኒኮላዎስን ይዘክራል። የግሮዝዳን ወገን ዮሐንስን። ቬሊቦር ከሌላ ወረዳ የመጣ የጊዮርጊስ ቤት ልጅ ነው፤ ከሁለቱም በደም አይነካካም። ቢነካካ ኖሮ አበልጅም ባልሆነ።

«ስማኝ» አለ አዛዡ፣ ቀልዱን ትቶ። «ግሮዝዳን ትናንት ዝክሩ ላይ የዛተባቸው በሰው ፊት ነው። ኮፍያው በሩ ላይ ነው። ምስክር አለ። እስከ ማታ ግሮዝዳንን ካላመጣህልኝ ሌሎች ልጆች እልካለሁ። እነሱ ደግሞ አበልጅ የላቸውም።»

የአዛዡ ልጆች እንዴት እንደሚጠይቁ ቬሊቦር ያውቃል። በእነሱ እጅ ገብቶ ሳያምን የወጣ ሰው አላየም። ያደረገውም ያላደረገውም ያምናል። ግሮዝዳን ደግሞ ቤቱ ውስጥ ከስሚሊያ በቀር ማንም የለውም። ሚስቱ ስሚሊያ ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆኖ፣ አንደበቷም ተይዞ ከተኛች ሁለት ክረምት አልፏል። የሚያጎርሳት እሱ፣ የሚያገላብጣት እሱ። ልጃቸው ቪየና ነው ያለችው። ግሮዝዳን ዛሬ ከተወሰደ ሁለት ሰው ነው የሚሞተው።

ግሮዝዳንን በረት ውስጥ አገኘው። ትናንት የተወለደች ጥጃ እያደራረቀ ነው።

«ኮፍያህ የት አለ?»

«ኦብራድ ቤት ረሳሁት መሰለኝ። ተናድጄ ነው የወጣሁት።»

«ምን ብለህ?»

«ሁሉም የሰማውን።»

«ከአፍህ ልስማው።»

ግሮዝዳን ጥጃዋን ለቀቃት። «የገና በዓል ሳይደርስ ውሃዬን ካልለቀቅህ እኔና አንተ በአንድ መንደር አንኖርም አልኩት። ጠጥቼ ነበር። ምን ላድርግ፣ በጋውን ሙሉ ምንጩን ዘግቶ በቆሎዬን አደረቀብኝ።»

«ጠላትህ ከሆነ ዝክሩ ላይ ምን ልትሠራ ሄድክ?»

«ምን ማለትህ ነው አበልጄ? በዝክር ቀን ጠላት አለ እንዴ? አባቴም ይሄድ ነበር። ሰው ሳይጠራ ይሄዳል፣ ባለቤቱም ቆሞ ያስተናግዳል፤ አለቀ።»

ከቀትር በኋላ ወደ ቤቱ መመለሱን፣ ላሚቱ ምጥ ላይ መሆኗን፣ የከብት ሐኪሙ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥቶ ድቅድቅ ጨለማ እስኪሆን ድረስ አብሮት መቆየቱን ነገረው። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ስሚሊያን አጉርሶ፣ አገላብጦ ተኛ። ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው የለም። ማሊሻ ድምፁን ሰማሁ ያለው ደግሞ ልክ ከዚያ ወዲያ ነው።

«ገደልከው?»

ግሮዝዳን ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። «ልጄን ያነሳህ ሰው ነህ» አለ። ወደ ጥጃዋ ተመለሰ።

ቬሊቦር እውነቱን ነው ብሎ አሰበ። ማሰብ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ለአበልጅ ሲሆን ደግሞ እንኳን ለአዛዡ ለራሱም አያጠግበውም። ግራ ገባው። ሰው ሁሉ አበልጁን ሸሸገ ይለዋል። ወጥቶ እንግዶቹን በየቤታቸው መጠየቅ ጀመረ።

አንድ ነገር አገኘ። ዝክሩ ላይ ማንም የማያውቀው ሰው ነበር። እንጨት የጫነ መኪናው በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮበት፣ ብርዱን ሽሽት ጭስ ወዳየበት ቤት የገባ ሹፌር ነው። ኦብራድ ማነህ ሳይሉ አስቀምጠው አበሉት። ቬሊቦር ይህን ሲሰማ ነፍሱ መለስ አለች። መንገደኛ፣ የማይታወቅ፣ ማታውን የተሰወረ። ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል? ኮረብታውን ወርዶ እንጨት መሰንጠቂያው ድረስ በረረ።

ሹፌሩ እዚያው ነበር፤ ጎማው ላይ ሰንሰለት እያሰረ። መኪናውን በትራክተር ጎትተውለት ገና ሳይመሽ ነው የደረሰው፤ ከዚያም ከዘበኞቹ ጋር ካርታ ሲጫወት አምሽቶ አብሯቸው አድሯል። ዘበኞቹም መሰከሩ። የቬሊቦር ተስፋ እንደገና ወደቀ።

«የሞቱት እኚያ ደግ ሽማግሌ ናቸው?» አለ ሹፌሩ። አዘነ። ኮፍያውን አወለቀ። «ያ ልጅስ እንዴት ሆነ? ማሊሻ?»

«ታውቀዋለህ?»

«አባቱን ነው የማውቀው። ፖድጋይ የሚባል መንደር ጎረቤቴ ነበር። እኛ መንደር ኮቫቼቪች እንደ ጉድ ነው። ሁላችንም ሚካኤልን ነው የምንዘክረው። ለሽማግሌውም ይህንኑ ነገርኳቸው። ዘመዴን እዚህ አገኘሁት፣ አባቱ ቤት ስንት ሚካኤል አብረን በልተናል አልኳቸው።»

ቬሊቦር የእጁን ጓንት ቀስ ብሎ አወለቀ። «ምን አሉ?»

«ምንም። ብርጭቆዬን ሞሉልኝ። ልጁ ግን ፊቱ ተለዋወጠ፣ ሳህን ሰብስቦ ወጣ። ስወጣ ሽማግሌው ሲጠሩት ሰማሁ። እንግዳው ሲሄድ የትም እንዳትጠፋ፣ ድሮ ልንነጋገርበት የሚገባ ነገር አለ፣ ስለ ቤትህና ስለ ስምህ አሉት። ክፉ ነገር ተናግሬ ይሆን ሳጅን?»

ቬሊቦር የራሱ መኪና ውስጥ ገባ። ስለዚህ ማሊሻ ስሙ የራሱ ነው፤ መታወቂያው ቢመረመር ቅንጣት ሐሰት አይገኝበትም። የዋሸው ቅዱሱን ነው። የሚካኤል ቤት ልጅ ሆኖ የኒኮላዎስ ቤት ልጅ ነኝ ብሎ ገባ። ታዲያ ሰው በቅዱሱ ቢዋሽ ነፍሰ ገዳይ ነው? አዛዡ ቢሰማ ይስቅበታል። ኮፍያው እንዳለ ነው፣ ዛቻው እንዳለ ነው፣ ምስክሩም እንዳለ ነው።

ስልኩ ጮኸ። አዛዡ ነው። ሰዓትህ አልቋል አለው።

ቬሊቦር አበልጁን ሊያስር ሄደ።

ግሮዝዳን አልተከራከረም። ካፖርቱን ለበሰ። ከዚያ ወደ ስሚሊያ አልጋ ሄዶ ትራሷን አስተካከለ። ሴትዮዋ ሁሉ ነገር ገብቷታል። ደህና የሆነው እጇ የባሏን እጅጌ ጨምድዶ ይዟል፤ አይኗ ግን ቬሊቦር ላይ ነው።

«ማነው የሚያገላብጣት?» አለ ግሮዝዳን። «ይህን ብቻ ንገረኝና እሄዳለሁ።»

ቬሊቦር ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። አይኑን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። ግሮዝዳን ዳቦውን ከገበታው አንስቶ የስሚሊያ እጅ ወደሚደርስበት አስጠጋው። ዳቦው ከነበረበት ስር፣ ጨርቁ ላይ፣ ታጥቦ ታጥቦ ያልለቀቀ ቡናማ እድፍ ታየ።

ያን እድፍ ያውቀዋል። ስሚሊያ አንደበቷ ሳይያዝ በየዓመቱ በዮሐንስ ዝክር ላይ የምትጨቃጨቅበት ነው። ባሏ የዝክሩን ሻማ በወይን ሲያጠፋ ግማሹን ጨርቄ ላይ ነው የሚደፋው፣ ቅዱሱ ይጠጣ ወይስ ጨርቄ ይጠጣ እያለች እንግዳውን ታስቅ ነበር። በየቤቱ እንደዚያ ነው። የዝክር ሻማ እፍ አይባልም። ቤቱን የያዘው አባወራ ቆሞ ሲያስተናግድ ውሎ፣ እንግዳው ሲያልቅ ቀይ ወይን ያንጠባጥብበታል፤ ሻማው ይጠፋል፣ ንፍሮው ይቀላል፣ ያን ጊዜ ዝክሩ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ባለቤቱ አይቀመጥም፣ እራት አይበላም፣ አይተኛም።

የኦብራድ ንፍሮ ነጭ ነበር።

ቬሊቦር ካቴናውን መልሶ ኪሱ ከተተ። «ቁጭ በል» አለው ግሮዝዳንን። «ከቤትህ እንዳትወጣ። ማንም ቢመጣ በሩን አትክፈት።»

መጀመሪያ የከብት ሐኪሙ ጋ ሄደ። ሐኪሙ ግሮዝዳን ያለውን ሁሉ አረጋገጠ፤ ጥጃዋ በእግሯ መጥታ ስላስቸገረች ፀሐይ ማዘቅዘቅ ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ እስኪጨልም ድረስ ሰውዬው ከጎኑ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ቄስ ቲሞቲዬ ቤት ጎራ አለ። ሽማግሌው ንስሐ አባታቸውን አንድ ነገር ሳይጠይቁ አልቀሩም ብሎ ገምቶ ነበር። ቄሱ የነገሩት ነገር ግን ከገመተው በላይ ሆነበት። ከቄሱ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ኦብራድ ቤት ሄደ።

ማሊሻ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ድስት እያማሰለ ነው። ሬሳውን ከተማ ወስደውታል፤ ነገ ለቀብር ይመለሳል። ገበታው እንደ ጠዋቱ ነው፤ ማንም አልነካውም። ቬሊቦር ቀርቦ አየ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ወይን እስከ አፉ ሙሉ ነው። የሻማው ክር በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ተጣብቋል።

«ምን እየቀቀልክ ነው?»

«ንፍሮ። ለቀብሩ።»

«ለቀብር መቀቀል ታውቅበታለህ።»

«ማን የማያውቅ አለ ሳጅን?»

«ለዝክርስ?»

ማማሰያው ቆመ።

«የሚካኤል ቤት ለዝክሩ ንፍሮ አይቀቅልም» አለ ቬሊቦር። «ሚካኤል ሕያው ነው፣ ንፍሮ ለሙት ነው ይላሉ። ፖድጋይ እንደዚያ አይደል?»

ማሊሻ ማማሰያውን ከድስቱ አውጥቶ አስቀመጠ።

«ትናንት ማታ አጎቴ ሻማውን አጠፉ፣ እራት በሉ፣ እኔም ተኛሁ አልከኝ። ና እስቲ እየው። ወይን ነክቶታል? ኦብራድ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዘከሩትን ኒኮላዎስ ሳይዘጉ ቁጭ ብለው ሊበሉ? ሰውዬው የሞቱት ሻማው እየነደደ ነው። የመጨረሻው እንግዳ እንደወጣ፣ ገና ሲመሽ። በዚያ ሰዓት ግሮዝዳን እስከ ክንዱ ላሚቱ ውስጥ ነበር፤ የከብት ሐኪሙም አጠገቡ። ሌላም አለ። ካፖርት ሳይለብሱ፣ ማሰሮ ይዘው ነው የወጡት። ስለ ውሃ ሊጮህባቸው ለመጣ ሰው አረቄ ይቀዱ ነበር?»

ድስቱ ገነፈለ። ውሃው ምድጃው ላይ ጢስስ አለ። ሁለቱም አላወረዱትም።

«ኮፍያውን ወንበር ላይ ረስቶት ነው የሄደው» አለ ማሊሻ በመጨረሻ። ድምፁ ደረቅ ነበር። «የሌሊቱ በረዶ ከመጣሉ በፊት ወስጄ ጣልኩት።»

«ለምን ገደልካቸው?»

ማሊሻ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እንደ ደከመ ሰው ነው የተናገረው። ፖድጋይ ሲቃጠል የቀረው መታወቂያው ብቻ ነበር። በየመጠለያው ስሙ ሲጠራ ሦስት አራት ሰው አቤት ይላል። ኮቫቼቪች መሆን ማንም አለመሆን ነበር። አንድ ቀን አንድ የራኪታ ሽማግሌ ስለ ኦብራድ ሲያወራ ሰማ፤ ልጅ የላቸውም፣ አጎታቸው ድሪናን ተሻግሮ ጠፋ፣ ኒኮላዎስን ይዘክራሉ አለ። ለአንድ ክረምት ብቻ ብሎ መጣ። አልጋ ሰጡት። ልጄ አሉት። ከዚያ በኋላ እውነቱን መናገር በየቀኑ እየከበደ ሄደ።

«ሹፌሩ ያን ሲናገር ምድር ከዳኝ» አለ። «አጎቴ ምንም አላሉም። ያ ነው ያስፈራኝ። ሰው ሁሉ ሲሄድ ና ተከተለኝ አሉ፣ ማሰሮ ያዙ። እዚያ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው እየቀዱ ‹ያ ሰውዬ ስለ አባትህ ያለው ነገር› አሉ። እንዲጨርሱ አልፈለግኩም። ውጣ ሲሉኝ መስማት አልፈለግኩም ሳጅን። መዶሻው እጄ ስር ነበር።»

«ሻማውንስ?»

«ወይኑን አነሳሁት። እጄ እምቢ አለኝ። የሚያፈሰው አባወራ ነው። በጣቴ ቆነጠጥኩት።»

ቬሊቦር ከፊቱ ቆመ። አንድ ነገር ሊምረው ፈልጎ ነበር፤ ቄሱ የነገሩትን ሳያሰማው ካቴናውን አስገብቶለት መሄድ። ግን ደግሞ የሟቹ ነገር አንገበገበው። ሽማግሌው ያልጨረሱትን አንድ ሰው ሊጨርስላቸው ይገባል።

«ቄስ ቲሞቲዬ የነገሩኝን ስማ» አለ። «በመጣህበት ዓመት ኦብራድ ታመው ዝክሩን አንተ እንድታሰናዳ ተዉልህ። ዓሣው ነበር፣ ዳቦው ነበር፣ ሻማና ወይኑ ነበር። ንፍሮ ብቻ አልነበረም። እንዳላዩ ሆነው ተነስተው አንድ ጭብጥ ስንዴ ራሳቸው ቀቀሉ። ያን ቀን አውቀዋል። የሚካኤል ቤት ልጅ እንደሆንክ ያን ቀን ነው ያወቁት።»

ማሊሻ ቀና አለ።

«ያን ሁሉ ዓመት ያውቁ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቄሱ ጋ ሄደው ሻማዬን በደም ለማይነካኝ ሰው ባወርስ ኒኮላዎስ ይቀየመኛል ወይ ብለው ጠየቁ። ቄሱ ቤቱን የሚጠብቅ ሻማውን ይያዝ አሏቸው። እንግዲያው በዝክሩ ቀን እነግረዋለሁ፣ መዋሸት እንዳይከብደው አሉ። ያቺ ትንሿ በርሜል ምን እንደሆነች ታውቃለህ? ሚስት ሲያገቡ ያስቀመጧት ናት። ወንድ ልጅ ሲወለድልኝ፣ ለእሱ ሠርግ እከፍታታለሁ ብለው። ትናንት የቀዱት ከእሷ ነው።»

ማሊሻ ወደ ገበታው ዞሮ ነጩን ንፍሮ አየ። ከዚያ ከውስጡ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር፤ ቬሊቦር ስንት ለቅሶ ያየ ሰው ሆኖ ጆሮውን መድፈን አማረው። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ግንባሩን ከእንጨቱ ጋር አጋጨ። ብርጭቆው ወድቆ ወይኑ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ፤ ሻማውን ግን አልነካውም።

ቬሊቦር እስኪበቃው ተወው። ከዚያ ድስቱን ከእሳቱ አወረደ፣ ካፖርት አለበሰው፣ እጁን አሰረ። ሲወጡ ማሊሻ በሩ ላይ ቆሞ ነገ ማን ይቀብራቸዋል ብሎ ጠየቀ። ቬሊቦር እኔና ግሮዝዳን አለው።

መኪናው ውስጥ ሆኖ ወደ ከተማ ደወለ።

«ግሮዝዳን አይደለም» አለ። «ገዳዩ አምኗል። ይዤው እየመጣሁ ነው።»

«ስሙ?»

«ኮቫቼቪች።»

አዛዡ ተነፈሰ። «ይህማ ከጠዋት ጀምሮ ገብቶኛል። የትኛው ኮቫቼቪች?»

ቬሊቦር በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ማሊሻ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ በበረዶው ውስጥ እየራቀ የሚሄደውን ቤት ያያል።

«የኦብራድ ልጅ» አለ ቬሊቦር።

«ሽማግሌው ልጅ አልነበራቸውም አላልከኝም?»

«ነበራቸው» አለና ስልኩን ዘጋው።